የሚይዝ ሰው

ተኳሿ ይሏታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ በዕድሜዋ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። አንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ፣ ከእንፋሎቱ ማሽን አጠገብ ቆማ፣ የሆቴል አንሶላና የትራስ ልብስ ስትተኩስ ትውላለች። ሃምሳን ከተሻገረች ቆይታለች። ቤቷ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከሥራ ተመልሳ እዚያ ክፍል ውስጥ የምታደርገውን ጎረቤት ቢያይ ኖሮ፣ ስሙስ ያለ ነገር አልወጣላትም ይል ነበር።

አልጋውን ወደ ግድግዳ ትገፋለች። ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ ትገለብጣለች። ጫማዋን ታወልቅና ምንጣፉ መሃል እግሯን ገጥማ ቆማ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ማንም በሌለበት ሰላምታ ትሰጣለች። ከዚያ ወደ ግራ ትዞራለች፤ አንዱን ክንዷን ወደ ታች ትጠርጋለች፣ የሌላውን እጇን ጡጫ ወገቧ ላይ ትስባለች፣ አንድ እርምጃ ረግጣ ትመታለች። ወደ ቀኝ ዞራ ያንኑ ትደግማለች። ፑምሴ ይባላል። የኮሪያ ቴኳንዶ ተማሪ ብቻውን የሚሠራው፣ ከማይታይ ጠላት ጋር የሚደረግ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም አስቀድሞ የታወቀ ድብድብ ነው። ጠላት በግራ ይመጣል፣ በቀኝ ይመጣል፣ ከኋላም ይመጣል። ተኳሿ ሁሉንም ታሸንፋለች። ሰው በሌለበት ማሸነፍ ማንን ያቅታል?

ነገሩ የጀመረው በሌባ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ሕንፃው መግቢያ ላይ አንድ ሰው የእጇን አንጓ ጨምድዶ ያዛትና ቦርሳዋን ቀምቷት ሄደ። ቦርሳው ውስጥ የረባ ነገር አልነበረም፤ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ ከቁርስ የተረፈ ዳቦ። ቁልፉን በማግስቱ አስቀየረች፣ ማበጠሪያም ሌላ ገዛች። ያንን እጅ ግን ከላይዋ ላይ ማውረድ አቃታት። ያኔ ደርቃ ነው የቀረችው፤ አልጮኸች፣ አልታገለች፣ አልሮጠች። ከዚያ ወዲያ አንሶላ እየተኮሰች ሳለ እንኳ ጣቶቹ አንጓዋ ላይ ይሰሟት ነበር። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጇ አግብታ ርቃ ሄዳለች፣ ላውንደሪ ውስጥ ሰው ከሰው የሚቀባበለው አንሶላ እንጂ እጅ አይደለም። በዚያ ሁሉ ዓመት እጇን የያዘ ሰው ቢኖር እሱ ሌባው ብቻ ነበር።

ይህ ነው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው የቴኳንዶ ማሠልጠኛ የወሰዳት። እዚያ ያሉት እግራቸው ጣሪያ የሚነካ፣ ለሜዳሊያ የሚሮጡ ጎረምሶች ነበሩ፤ ልጇን ልታስመዘግብ የመጣች መስሏቸው ወንበር ሰጧት። ሽበታሙ ማስተር ግን አልሳቁም። እግሬ ከወገቤ በላይ አይነሣም ብትላቸው፣ ሌባው የያዘሽ እግርሽን ነው እንዴ ብለው ጠየቋት። ከዚያም አዳራሹ ጥግ ላይ አቁመው የጥንቱን ፑምሴ ያስተምሯት ጀመር።

«ይህቺ ወገብሽ ላይ የምትመለሰው እጅ ለጌጥ የምትመለስ ይመስላቸዋል» ይሏት ነበር፣ ወደ ጎረምሶቹ በአገጫቸው እየጠቆሙ። «የጠላትሽን እጅ ይዛ ነው የምትመለሰው።»

የሰው ጭብጥ በር አለው፣ በሩም አውራ ጣቱ ነው ብለው አስተማሯት። አንጓን ወደ አውራ ጣቱ አዙሮ ወደ ወገብ መሳብ፣ በዚያው ቅጽበት ሌላውን ክንድ ከላይ ማውረድ ነው፤ የፈለገው ጉልበተኛ ቢሆን ይለቃል። ይህን ሁሉ ግን በአየር ላይ ነው የተማረችው። ማስተሩ የማይነቃነቅ ደንብ ነበራቸው፤ ተማሪ የፑምሴውን ቅርፅ ሳይጨርስ እጁን ማንም አይነካውም። መጀመሪያ ቅርፁ፣ ከዚያ የሚይዝ ሰው። ሌላው ተማሪ በደንቡ ሲያማርር እሷ ጥርሷን ነክሳ ቅርፁን ጨረሰች። በዚያው ሰሞን ማስተሩ ታመው ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ፣ አዳራሹም የሶፋ መሸጫ ሆነ። የሚይዝ ሰው ሳይመጣላት ቀረ።

ፈልጋለች እኮ። ልጇ ለጥየቃ በመጣች ጊዜ፣ እስቲ አንጓዬን አጥብቀሽ ያዢኝ አለቻት። ልጅት እናቷን በስጋት አየቻትና፣ እማዬ ብቸኝነቱ ከብዶሻል፣ ድመት ለምን አታሳድጊም አለች። ላውንደሪ ውስጥ ደግሞ አንሶላ የምታጥፈውን ሴት በምሳ ሰዓት ለመነቻት። ሴትዮዋ እርጥብ ካልሲ እንደሚያነሣ ሰው በሁለት ጣቷ ያዘቻትና እየተንከተከተች ለቀቀቻት፤ ወዲያው ለሌሎቹ አወራች። ከዚያ ቀን ወዲህ ተኳሿ ስታልፍ እጃቸውን ሽቅብ አንሥተው ተማርከናል ይሏት ጀመር። እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ሆድ ባሳት።

አየር ደግሞ ክፉ አስተማሪ ነው። አይጨብጥ፣ አይገፋ፣ አይቆጣ። የእውነት ቢይዟት እጇ ይታዘዛት እንደሆነ፣ ወይስ እንደዚያን ዕለቱ ደርቃ ትቀር እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ይህን ማወቅ ከምንም ነገር በላይ ትፈልግ ነበር።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ጣላትና ፑምሴውን ተወችው። ሲሻላት፣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ በተቀመጠችበት በሩ ተንኳኳ። ከሥሯ ባለው ክፍል የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ሱቁን ከዘጉት ቢቆዩም ሰፈሩ አሁንም ጋሼ መቀስ ነው የሚላቸው። ደረጃ ላይ ጤና ይስጥልኝ ከመባባል በቀር ተቀራርበው አያውቁም። ለአቤቱታ እንደመጡ ገባትና፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እግሬን ቀስ አድርጌ አሳርፋለሁ ብላ ቀደመቻቸው።

«እሱን አይደለም» አሉ። «ሰሞኑን ጠፋሽብኝ። አንዴ ትረግጫለሽ፣ ዝም ትያለሽ፣ ትዞሪያለሽ፣ ደግሞ ትረግጫለሽ። እኔ እሱን ሰምቼ ነው ሻይዬን የምጥደው። ምን ሆነች ብዬ ፈራሁ።»

ብቻዬን ነኝ ስትል በኖረችበት ጊዜ ሁሉ ከሥሯ ተቀምጦ የሚያዳምጣት ሰው ነበር። ደስም አላት፣ አፈረችም። ይግቡ ማለት ሲገባት አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ጋሼ፣ እጄን ይይዙልኛል?»

ሽማግሌው በዚህ ዕድሜያቸው የጠበቁት ጥያቄ አልነበረምና መነጽራቸውን አወለቁ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስታስረዳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ደግሞ ሌላ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ሌብነትማ ቀላል ነው ብለው ጃኬታቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ።

የፀጉር አስተካካይ እጅ እንዲሁ የሚናቅ እጅ አይደለም፤ ስንቱን አልቀመጥ ባይ ሕፃን ይዞ የላጨ እጅ ነው። አንጓዋን ጭብጥ አድርገው ያዟት። በሩ፣ አውራ ጣቱ፣ ወገቡ፣ ያ ሁሉ ዓመት የለፋችበት ቅርፅ ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ። ደርቃ ቀረች። በዚህ ጊዜ ያደረቃት ግን ፍርሃት አልነበረም። እጃቸው ይሞቅ ነበር። የሰው እጅ እንዲህ እንደሚሞቅ ረስታው ኖሯል።

«ልልቀቅሽ?» አሉ።

«አይ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለች።

እንዲህ ተጀመረ። ከሥራ ስትመለስ ሽማግሌው ይወጣሉ፣ ይይዟታል፣ ታስለቅቃለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እጇ አልታዘዝ ብሏት ስትጎትት፣ እሳቸው ደግሞ አልለቅ ብለው ሲጎትቱ፣ አልጋ ላይ ተያይዘው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ቀስ በቀስ በሩ ተገኘ። አንጓዋ ወደ አውራ ጣታቸው ዞሮ ሹልክ ሲል፣ ክንዷም ከላይ ሲያርፍባቸው፣ እጃቸውን እያሻሹ አበጀሽ ይሏታል። ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ። ጋሼ መቀስ የወሬ ሰው ናቸው፤ ስለ ሟች ሚስታቸው፣ ሌላ ከተማ ስለሚኖረው መሐንዲስ ልጃቸው፣ በመላጣው የሚያፍር ደንበኛቸው የሌለውን ፀጉር እንዴት ያስተካክሉለት እንደነበር ያጫውቷታል። እሜቴ እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ለቀልድ ነው፣ ግን ደስ ይላት ነበር።

ሳይነግሩ መያዝን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሌባ መቼም ተዘጋጅተሻል ወይ ብሎ አይይዝም አሉ። እውነት ነበርና ተስማማች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ መቀስ የትም ይይዟት ጀመር። ኮሪደር ላይ ቁልፏን ስትፈልግ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ከባልዲ ጋር ስትታገል፣ ደረጃ ስትወርድ። እሷም ባለችበት ዞራ ታስለቅቃለች። ሕንፃው ውስጥ ያቺ ሴትዮ ሽማግሌውን ትደበድባለች የሚል ወሬ ተነዛ። ሁለቱ ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ጊዜ ሲሄድ እጇ እሷን ማስፈቀድ ተወ። ማን እንደያዛት ሳታይ፣ ለምን እንደያዛት ሳታስብ፣ ጡጫዋን ወገቧ ላይ ታገኘዋለች። እንዲህ ነው እንጂ ብለው ሽማግሌው ይኮሩባታል። ማስተሩ ቢያዩሽ ብለው ይቆጩላታል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሌባውን ከረሳችው ቆይታለች። ላውንደሪ ውስጥ ማሽኑ እየፈጨ እሷ የምታስበው የሽማግሌውን እጅ ነበር፤ ዛሬ የት ጋ ይይዙኝ ይሆን እያለች። የናፈቃት መያዙ ነው። የምታውቀው ደግሞ ማምለጡን ብቻ ነው። እሳቸው ይይዛሉ፣ እሷ ታስለቅቃለች፤ እሷ በጎበዘች ቁጥር በመሃል ያለችው ያቺ የመያዝ ቅጽበት እያጠረች፣ እያጠረች መጣች። አንዳንዴ ሆን ብላ ልትዘገይ ትሞክራለች። እጇ ግን አይዘገይም።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ዳቦ ሊገዙ አብረው ወረዱ። ደረጃ የምታጥበዋ ሴት ሳሙናውን አፍስሳ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ጋሼ መቀስ ስለ አንድ ደንበኛቸው ጢም እያወሩ፣ ሳቃቸው እየቀደማቸው፣ ተኳሿን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ይወርዱ ነበር። እግራቸው ተንሸራተተ። እጃቸውን ዘርግተው ያገኙትን ያዙ፤ ያገኙት የእሷን አንጓ ነው።

አንጓዋ ወደ አውራ ጣታቸው ዞረ። ክንዷ ከላይ ወረደ። ፑምሴው በሕይወቷ እንደዚያ ተሳክቶላት አያውቅም።

ሽማግሌው እስከ ታችኛው መዞሪያ ድረስ ወረዱ። እሷ ቆማ ነበር፣ እግሯ በትክክል ተራምዶ፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ ጡጫዋ ወገቧ ላይ። ምን እንዳደረገች የገባት ያንን ጡጫ ስታየው ነው። ከዚያ እየጮኸች ወረደች፤ ጎረቤት ወጣ፣ አምቡላንስ ተጠራ፣ ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መስሎ ሳሙና ነው፣ ሳሙና ነው ይሉ ነበር።

የዳሌ አጥንታቸው ነው የተሰበረው። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል ተባለ። መሐንዲሱ ልጅ በማግስቱ ደረሰ፤ ቁመቱ የአባቱ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ተኳሿን አልጋው አጠገብ ሲያገኛት ሁለት እጇን ሊጨብጥ እጁን ዘረጋ። ቦርሳዋን የምታስተካክል መስላ ሸሸችው።

«እርስዎ ባይኖሩ አባቴ አልቆለት ነበር፣ እትዬ» አላት። «ውለታዎን አልረሳም።»

አፏን ከፈተች። ከአልጋው ላይ ሽማግሌው ቀደሟትና፣ እኔ ራሴ ነኝ እግሬን ያላየሁ፣ ሳሙናው ላይ ጢም ጢም እያልኩ ወጣሁበት ብለው ልጃቸውን ውሃ ግዛልኝ ሲሉ ሰደዱት። በሩ ሲዘጋ ወደ እሷ ዞሩ።

«እንዳትነግሪው» አሉ።

«ይወቀው ጋሼ። የጣልኩዎት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? ያለማመድኩሽን ነው ያደረግሽ። ከነገርሽው እዚያ አልተውህም ብሎ ይወስደኛል። እኔ ደግሞ ከዚያ ቤት መውጣት አልፈልግም፤ ቤቱን ወድጄው እንዳይመስልሽ።» «ደግሞስ ያ ማስለቀቅሽ ሠራ እኮ» አሉ። ሊስቁ ሲሉ ዳሌያቸው አላሳቅ አላቸው።

አልነግረውም ብላ ቃል ሰጠች። ያን ጊዜ ተስፋ ነበራት። እጅ የተማረውን እጅ ይረሳዋል ብላ አሰበች፤ ቤቷ ገብታም በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ጨብጣ ያዘች። አልተነቃነቀም። እንደገና ሞከረች፣ አሁንም ጸጥ። ለካ ከራሷ እጅ የምታመልጥበት ምክንያት የለም። ይህ ምንም እንደማያረጋግጥ ሲገባት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቆየች።

በሚቀጥለው የጥየቃ ሰዓት፣ ልጁ መድኃኒት ሊያመጣ ሲወጣ፣ ወደ አልጋው ተጠጋች።

«ይያዙኝ ጋሼ» አለች።

ገባቸው። ጉልበታቸው አልቆ የሕፃን ያህል ነው የያዟት። እጇ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ክንዷ ሲወርድ ጉሉኮሱ የተሰቀለበትን ብረት መታውና ከአልጋው ጋር ተላተመ። ሽማግሌው ሕመማቸውን ዋጥ አድርገው እንደገና ያዟት። ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው ናቸው፣ ጋሼ ናቸው፣ ተይ፣ ቁሚ እያለች የገዛ እጇን ለመነችው። እጇ አልሰማትም። ሲይዙኝ እጄ ይታዘዘኝ ይሆን ብላ ዓመታት ስትጨነቅ የኖረች ሴት፣ አሁን እጇ ለሌላ ትእዛዝ አልመለስ አላት። ሌባውን እንኳ እንዲህ ፈርታው አታውቅም።

«ጊዜ ስጪው፣ እሜቴ» አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸውን ላብ እያጠመቀው። «ይለቅሻል።»

ሽማግሌው ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ሲቃረብ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ነገሩን ሳያዞር ነገራት። ሐኪሞቹ በምርኩዝ ይሄዳል ብለዋል፤ ጣጣው ያ ደረጃ ነው። እሱ አባቱን ወደ ራሱ ቤት ሊወስደው ይፈልጋል፣ አባቱ ግን ሬሳዬን እንጂ እኔን አትወስደኝም ብሎ አስቸግሮታል።

«ደረጃ ላይ የሚደገፈው አንድ ሰው ካለ እተወዋለሁ፤ ያለ ፍላጎቱ ወስጄው እያዘነ እንዲኖር አልፈልግም» አለ። «በሚወርድበትና በሚወጣበት ሰዓት እይዘዋለሁ ይበሉኝና ነገ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከእርስዎ ቃል ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

የምትፈልገው ሁሉ ይኸው ፊቷ ቀረበላት። አዎ ከማለት በቀር ሌላ የሚጠበቅባት ነገር አልነበረም። ሻዩ፣ ወሬው፣ እሜቴ መባሉ፣ ከሥሯ የሚያዳምጣት ሰው፣ ሁሉም በዚያች በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ እሳቸውን ልያዝ፣ እሳቸው እኔን አይያዙኝ ብላ አሰበች። ግን እግር ሲከዳ ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው፣ የሚያገኙትም እሷን ነው። ያን ደረጃ፣ ያን መዞሪያ፣ የሽማግሌውን ጭንቅላት አሰበች። ጊዜ ስጪው ብለዋል። እጇ እስኪረሳ ድረስስ በየቀኑ ማን ያወርዳቸዋል?

«አልችልም» አለች።

ልጁ ትንሽ ጠበቀ፣ ምክንያቱን ትነግረኛለች ብሎ። ቃል ሰጥታለችና አልነገረችውም። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲዘጋ አየችው። ልክ ነዎት እትዬ፣ ሸክም ነው፣ እኔም መጠየቅ አልነበረብኝም አላት፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ ወዲህ ውለታዎን አልረሳም አላላትም።

ሽማግሌውን ልትሰናበት ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ግድግዳውን እያዩ ነበር።

«አልችልም አልሽው አሉ» አሏት።

«አዎ ጋሼ።»

«የምወድቀው እኔ አይደለሁ እንዴ? እኔ ከፈቀድኩ አንቺን ምን አገባሽ?»

«የምጥልዎት እኔ ነኝ» አለች።

ፊታቸውን አላዞሩም። እሷም እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ከታ ቆየች፤ ነርሷ ሰዓት አልቋል እስክትላት ድረስ። ልትነካቸው ፈልጋ ነበር። ትከሻቸውን ዳሰስ አድርጋ ብትወጣ እንኳ ምን ነበረበት። ግን ሰው ሲነካ መልሶ እጅ ይይዛል ብላ ፈራች።

ልጃቸው የወሰዳቸው በሥራ ቀን ነው። ከላውንደሪ ስትመለስ ከሥሯ ያለው በር ላይ ሌላ ቁልፍ ተሰቅሎ አገኘች። ደረጃውን ወጥታ ቤቷ ገባች፣ አልጋውን ግን አልገፋችም። ፑምሴውን ብትተወው ያ እጇ ይለዝብ እንደሆነ ብላ ተወችው፤ ሳምንታት አለፉ፣ ወራትም አለፉ። ይልዘብ አይልዘብ ማወቅ አልቻለችም፤ ለማወቅ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ላውንደሪ ውስጥ ያቺ አንሶላ አጣፊ ሴት ለቀልድ ልትይዛት እጇን ስትሰድድ፣ ተኳሿ ወደ ኋላ ዘልላ ማሽኑ ላይ ልትወድቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደባትም፣ አጠገቧም የሚቆም ጠፋ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። ጋሼ መቀስ ናቸው። ልጃቸው ስልክ ገዝቶላቸው፣ ቁጥሯን ከሕንፃው ዘበኛ አስፈልገው አግኝተዋት ነው። ድምፃቸው ቀጥኗል፣ ወሬያቸው ግን ያው ነው። የተቀየሟት መስሏት የኖረችውን በአንድ አረፍተ ነገር አፈረሱት፤ ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ልክ እንደነበርሽ አውቃለሁ አሉ።

ቤቱ ጥሩ ነው አሉ፣ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው፣ ጥሩነታቸው ግን በዛ። ከአልጋ ሲወርዱ ልጃቸው በዚህ ክንዳቸውን ይይዛል፣ የልጃቸው ሚስት በዚያ። ሽንት ቤት ሲሄዱ ይያዛሉ፣ ጠረጴዛ ሲቀርቡ ይያዛሉ፣ መስኮት ላይ ቆመው መንገድ ልይ ቢሉ እንኳ የቤት ሠራተኛዋ መጥታ ክርናቸውን ትይዛለች።

«እስቲ ያቺን የአውራ ጣት ነገር ንገሪኝ» አሉ። «እኔ መያዙን እንጂ ማስለቀቁን መቼ ተማርኩ። በስልክ ይሆናል?»

ሳቀች። ደረጃው ላይ ከወደቁበት ቀን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ፣ የላውንደሪው ጓሮ ውስጥ ቆማ፣ እጇን እያዞረች አስረዳቻቸው። መጀመሪያ ጣታቸው የት እንዳለ ይዩ፣ ከዚያ አንጓዎን ወደዚያ፣ ከዚያ ወደ ወገብ። ከወዲያኛው ጫፍ ሲያቃስቱ፣ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። እህ፣ ገባኝ፣ ቆይ ዛሬ ምራቴን አሳያታለሁ አሉ። ቀስ ብለው ጋሼ፣ እንዳይወድቁ አለቻቸው።

ከውስጥ ማሽኑ ይሰማል፤ የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ነበር።

«አንቺንስ?» አሉ። «አሁን ማን ይይዝሻል?»

ብዙ ሰው አለ ልትላቸው አሰበች። ልጄ እየመጣች ነው፣ አዲስ ጎረቤት ገብቷል፣ ማሠልጠኛው ሌላ ቦታ ተከፍቷል። አንዱን ብላቸው ደስ ብሏቸው ይተኙ ነበር። ግን እሳቸውን ዋሽታ አታውቅም፣ ቀኝ እጇም አሁን ማንም ሳይይዘው ወገቧ ላይ ተሰብስቦ ነበር።

«ማንም አይይዘኝም፣ ጋሼ» አለች።